ጥላው የከበደ

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ማታ እኛ ጋ ያድራል። እራት ከተበላ በኋላ አልጋ ላይ ጋደም ብለን ታሪክ እነግረዋለሁ፤ ከሦስት ወር ወዲህ የያዝነው የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ገጹን ለራሴ አነብና በአማርኛ እተርክለታለሁ። ሲፈራ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ይስባል። «በቃ ተወው» ብሎኝ ግን አያውቅም።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሞሪያ ደረስን። ባልሮግ የሚባለው ጭራቅ የሚወጣበት ቦታ ነው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ መጽሐፉን ከጓደኛዬ ተውሼ፣ መብራት በጠፋበት ማታ በሻማ ካነበብኩት ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል እመለስበታለሁ፤ በልቤም ከዘንዶዎቹ፣ ከግዙፏ ሸረሪት፣ ከሌላው ሁሉ በላይ የማስቀምጠው እሱን ነው። ስለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ከበሮው፣ ጨለማው፣ እሳቱ... ልጁ ብርድ ልብሱን ከአፍንጫው አወረደና «አጎቴ ቆይ፣ ግን ምን ይመስላል?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። የምናገረው አጣሁ።

ፊልሙን ያያችሁ «ቀላል ነው እኮ፣ ቀንድ አለው፣ ክንፍ አለው፣ እሳት ይተፋል» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ልለው ምንም አልቀረኝም። ግን ያ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፊልም የሰጠው መልክ ነው። መጽሐፉ ላይ ቀንድ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ከተኛ በኋላ ቁጭ ብዬ ምዕራፉን ደግሜ አነበብኩት፤ ስለ መልኩ የተባለውን ብቻ እየለየሁ በእርሳስ አሰመርኩ። ሲደመር በጣም ትንሽ ነው። ሰው የሚመስል፣ ከሰው ግን የሚተልቅ ጥቁር ነገር። በዙሪያው ጥላ። በጥላው መሃል እሳት። እንደ ጋማ የሚንቀለቀል ነበልባል። በቀኝ እጁ የእሳት ምላስ የሚመስል ሰይፍ፣ በግራው ብዙ ጫፍ ያለው ጅራፍ። ፊቱን አናይም፣ ከአፍንጫው እሳት ወጣ ከመባሉ በቀር። ንግግርም የለውም። ሲወድቅ ከሚጮኸው ጩኸት ሌላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይወጣውም።

ታዲያ እንዲህ የሚያስፈራን በምኑ ነው? ያን ማታ በእርሳስ እያሰመርኩ ስሄድ ነው የገባኝ። ቶልኪን የሚያሳየን ባልሮግን ያዩትን ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ሞሪያ ተራራ ውስጥ የተቆፈረ የድዋርፎች ከተማ ነው። ድዋርፎች አጫጭር፣ ጢማቸው የረዘመ፣ በድንጋይና በብረት ሥራ የተካኑ ሕዝብ ናቸው። ሀብታቸው ሚትሪል የሚባል ማዕድን ነበር፤ እንደ ብር የሚያበራ፣ ከብረት የጠነከረ፣ ሲለብሱት ግን ቀላል። ሚትሪል የሚገኘው እዚያ ብቻ ስለነበር ቁፋሮው ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች ሄደ። በዚያ ዓለም አቆጣጠር በሦስተኛው ዘመን፣ በ1980 ዓመት፣ ከጥንት ጦርነት አምልጦ ከተራራው ሥር የተደበቀውን ነገር ቀሰቀሱት። ንጉሣቸውን ስድስተኛውን ዱሪንን ገደለ። በዓመቱ ልጁን ናይንን ገደለ። የተረፉት ሸሹ፣ ከተማውም ባዶ ቀረ። የሸሹት ሰዎች ምን እንደገጠማቸው በውል አያውቁም፤ ስለዚህ «የዱሪን ጥፋት» አሉት። ስሙን ስላላወቁ የገደለውን ንጉሥ ስም ሰጡት። ይህች ነገር ሁልጊዜ ትነካኛለች።

የታሪኩ ባለቤቶች የሆኑት ዘጠኝ መንገደኞች ሞሪያ የሚገቡት በ3019 ነው። 1,039 ዓመት አልፏል። ሲገቡ ምንም የለም። ጨለማ፣ ደረጃ፣ ባዶ አዳራሽ። ፒፒን የሚባለው ልጅ እግር አላስችል ብሎት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ይጥላል። ድንጋዩ ብዙ ቆይቶ ውሃ ይመታል። ከዚያ ከታች፣ በጣም ከሩቅ፣ መዶሻ የሚመስል ነገር ኳ... ኳ... ይልና ይቆማል። ማን እንደመታው አይነገረንም። ይህን ስተርክለት የእህቴ ልጅ የአልጋውን ራስጌ በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ራሱ ደነገጠ።

ቀጥሎ ከእነሱ በፊት ከተማውን መልሰው ሊይዙ የሞከሩ ድዋርፎች ያለቁበትን ክፍል ያገኛሉ፤ መቃብር አለ፣ በከፊል የተቃጠለ መዝገብም አለ። ከበሮው ይጀምራል። ኦርኮቹ፣ የክፉው ወገን ወታደሮች፣ ይመጣሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ውጊያ ብዙ ታሪክ ላይ ያለ ዓይነት ነው፣ አልዘገይበትም።

አስማተኛው ሽማግሌ ጋንዳልፍ ሌሎቹን በደረጃው ወደ ታች ልኮ በሩን ለመያዝ ብቻውን ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ ከላይ እየተንከባለለ ይመጣል። ምን እንደገጠመው ሲናገር ነው ፀጉሬ የሚቆመው። ከበሩ ማዶ አንድ ነገር ገባ። ሲገባ ኦርኮቹ ራሳቸው ፈርተው ዝም አሉ። የበሩን ቀለበት ያዘ፣ ያኔም ጋንዳልፍ እዚያ መኖሩን አወቀ። በሩን ለመዝጋትና ለመክፈት በአስማት ሲታገሉ ጋንዳልፍ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። በሩ ፈነዳ፣ ክፍሉም ተደረመሰ። ምን ነበር? እሱም ገና አያውቅም።

ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ገጠር አያቴ ዘንድ እሄድ ነበር። «እማማ» ነው የምንላቸው። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ውሻችን ውጭ ሲጮህ፣ ሲጮህ ቆየና ድንገት ዝም አለ። ከዚያ ሾልኮ ገብቶ መደቡ ሥር ተጋደመ። እማማ እንጨቱን ሊቆሰቁሱ የዘረጉት እጃቸው እዚያው ቀረ። «ዝም በሉ» አሉን በሹክሹክታ። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጅብ ይሆናል፣ ነብር ይሆናል፣ ምንም ላይሆንም ይችላል። ኋላ ጅብም ነብርም በዓይኔ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ማታ ግን ፈርቼ አላውቅም። ኦርኮቹ ዝም አሉ የሚለው ጋ በደረስኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ውሻ ነው፤ የእማማ እጅም።

ጭራቁ አሁንም አልወጣም እኮ። መንገደኞቹ ይሸሻሉ። ወለሉ ተሰንጥቆ እሳት የሚወጣበት ትልቅ አዳራሽ ይደርሳሉ። ከስንጥቁ ማዶ ኦርኮቹ ፍላጻ ያዘንቡባቸዋል። በድንገት የኦርኮቹ ሰልፍ ለሁለት ይከፈላል፤ የራሳቸውን ወገን የፈሩ ይመስል ወደ ጎንና ወደ ጎን ይሸሻሉ። ከዘጠኙ አንዱ ሌጎላስ ኤልፍ ነው፤ ከማያረጁት ሕዝብ ወገን። እስካሁን የሚፈራው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ቀስቱን ለጥጧል፣ እጁ ዝሎ ዝቅ ይላል፣ ፍላጻው ከእጁ ይወድቃል፣ እሪ ይላል። ጊምሊ ድዋርፍ ነው። መጥረቢያውን ጥሎ ፊቱን ይሸፍናል፤ አያት ቅድመ አያቶቹን ከቤታቸው ያስወጣው ነገር ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገብቶታላ። ጋንዳልፍ ደግሞ በትሩን ይደገፋል፣ ቀድሞውንም ደክሞኛል ይላል። አስቡት። ሁሉም የሚተማመንበት ሰው ነው ይህን የሚለው።

የእህቴ ልጅ መልኩን የጠየቀኝ ይህን ሁሉ ዘልዬበት ነው። ወደ ጭራቁ ለመድረስ ቸኩዬ የሌጎላስን እጅ ሳልነግረው አለፍኩ። ልጁ የሚፈራበትን ነገር ነፈግኩት፤ በባዶው ደግሞ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጋንዳልፍ ደክሞኛል ያለውን ነገር ብዙ አንባቢ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እሱና ባልሮግ ግን ከአንድ ወገን ናቸው። ቶልኪን በሠራው ዓለም ምድር ሳትፈጠር የነበሩ መናፍስት አሉ። ከእነሱ ኃያሉ ሞርጎት አመፀ፣ ከታናናሾቹም ብዙዎቹን አስከትሎ ወደቀ። ባልሮጎች ከተከተሉት መካከል የእሳት መናፍስቱ ናቸው። ጋንዳልፍም ከእነዚያው ታናናሾች አንዱ ነው፤ እሱ አልወደቀም። የሳጥናኤልን አወዳደቅ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም። ቶልኪንም አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። እና ከሞሪያ መውጫ ባለችው ጠባብ ድልድይ ላይ ሲፋጠጡ የማየው ሁለት ወንድማማቾችን ነው፤ አንዱ የሽማግሌ ሥጋ ለብሶ፣ ደክሞት፣ በትር ይዞ፤ ሌላው ከሺህ ዓመታት በፊት የመረጠው እሳት ውስጥ። ጋንዳልፍ ማንነቱን ሲነግረው ባልሮግ መልስ አይሰጥም። እሳቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ጨለማው ግን ያድጋል። ይህ ዝምታ ለእኔ ከጅራፉ ይብሳል።

ስለ ክንፉ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የቶልኪን አንባቢዎች በዚህ ሲከራከሩ ዘመናት አልፏል። መጀመሪያ ላይ በዙሪያው ያለው ጥላ እንደ ሁለት ትላልቅ ክንፎች ተዘረጋ ይላል። «እንደ» ነው ያለው። ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ግን ክንፎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘረጉ ይላል። እኔ የለውም ባይ ነኝ። ድልድዩ ሲሰበር እንደ ማንኛውም ከባድ ነገር ወደ ገደሉ ገባ፤ ክንፍ ያለው ይበር ነበር። ክንፍ አለው የሚሉትን ግን አልቃወማቸውም። ጥላና አካል የት ላይ እንደሚለያዩ እንዳናውቅ ተደርጎ ነው የተጻፈው።

ባልሮግ መጀመሪያም እንዲህ አልነበረም። ቶልኪን ስለ ባልሮጎች መጻፍ የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ካለው ከሶም ግንባር ታሞ ከተመለሰ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አካባቢ። በዚያ የወጣትነት ጽሑፉ ባልሮጎች በመቶዎች ናቸው። የእሳት ጅራፍና የብረት ጥፍር አላቸው፤ ከተማ ሲወረር በገፍ ይመጣሉ፣ በገፍም ይሞታሉ። ዕድሜው ሲገፋ ሐሳቡን ቀየረና አንድ ረቂቁ ጠርዝ ላይ ማስታወሻ ጻፈ፤ በጠቅላላው ከሦስት፣ ቢበዛ ከሰባት በላይ ባልሮጎች ኖረው አያውቁም አለ። ትልቅ ውሳኔ ነው። መቶ ከሆኑ ወታደር ናቸው። አንድ ብቻ ከሆነና ስሙ ከጠፋ፣ ያኔ ነው ሌላ ነገር የሚሆነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ለካ ሌላም ችግር ነበረብኝ፣ የስም ችግር። ባልሮግ የሚለው በቶልኪን የኤልፎች ቋንቋ «ባል» ኃይል፣ «ሮግ» ጋኔን ማለት ነው። እኔ ይህን በኩራት ሳስረዳ ልጁ «የማን ባል?» ብሎ ሳቀ። በቃ፣ ፍርሃቱ ከክፍሉ ወጣ። ስለዚህ የአማርኛ ስም መፈለግ ጀመርኩ። ጭራቅ? ጭራቅ ሰው ይበላል፣ ባልሮግ ለሆዱ አይደለም የሚመጣው። ዘንዶ? ዘንዶ እባብ ነው፣ መልክ አለው። ጋኔን ቅርብ ነው፣ ግን በየጠበሉ ስሙ ሲጠራ ስለሰማ ልጁ የሚያስበው ሌላ ይሆናል። ሦስት ቀን ሳስብበት ቆየሁ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ አለቃቸው ሲያወሩ አንዷ «ውይ፣ ጥላው ራሱ ይከብዳል!» አለች።

እሱ ነው! ገና ከበር ሳይገባ ቤቱ ጸጥ የሚልለትን ሰው ጥላው ከባድ ነው እንላለን። መጽሐፉም ባልሮግ ሲመጣ ኃይልና ሽብር ከፊቱ እንደሚሄድ ነው የሚናገረው። ስሙን አገኘሁለት። ጥላው የከበደ።

ስሙን ስፈልግ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ውስጥም ገባሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

የቶልኪን የእንጀራ ሥራ ማስተማር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1945 በኦክስፎርድ የአንግሎ ሳክሰን ፕሮፌሰር ነበር። በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል አንድ ጥናት አሳተመ፣ ርዕሱ «ሲጌልዋራ ላንድ»። የጥንት እንግሊዝኛ ነው። ትርጉሙ የኢትዮጵያውያን ምድር ማለት ነው። አዎ፣ የእኛው ስም። የጥንት እንግሊዞች ከላቲን ሲተረጉሙ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሲጌልሃርዋ ይሉ ነበር። ቶልኪን የጠየቀው ጥያቄ ደስ ይላል። ኢትዮጵያን አይተው የማያውቁ ሰዎች ለኢትዮጵያዊ የራሳቸው ቃል እንዴት ኖራቸው? ቃሉን ለሁለት ከፈለው። ሲጌል ፀሐይ ነው፣ ዕንቁም ሊሆን ይችላል። ሃርዋ ለብቻው ጠፍቶ የቀረ ቃል ነው፤ ቶልኪን ከከሰልና ከጥላሸት ጋር አዛመደው። ግምቱ እንዲህ ነው፦ ቃሉ መጀመሪያ የሰው ስም አልነበረም። በሰሜን ሰዎች የድሮ ተረት ውስጥ ዓይናቸው እንደ ፍም የቀላ፣ የእሳት ፍንጣሪ የሚረጩ፣ ፊታቸው ጥላሸት የመሰለ የእሳት ፍጡራን ስም ነበር። ኋላ ስለ ሩቅ፣ ፀሐይ ስላከሰለችው ሕዝብ ሲያነቡ ያን የቆየ ስም አነሡና ለጠፉበት።

ደግማችሁ አንብቡት። ፍም የመሰለ ዓይን፣ ፍንጣሪ፣ ጥላሸት። የቶልኪንን ሥራ በጥልቀት ያጠናው ቶም ሺፒ ይህ ጥናት ለባልሮግ መልክ መንገድ ጠርጓል ይላል። እኔም ይመስለኛል፣ በልክ ግን። ባልሮጎች ከጥናቱ 15 ዓመት በፊት ነበሩ፣ ስለዚህ ከእሱ ተወለዱ ማለት አይቻልም። ከመጀመሪያው የነበረው ግን እሳቱና ጅራፉ ነው። ጥላው፣ ጥቁረቱ፣ ከሰል ውስጥ እንዳለ ፍም የሆነው ነገር ጎልቶ የሚመጣው ሞሪያ ላይ ነው፤ ያ ምዕራፍ የተጻፈው ደግሞ ከጥናቱ በኋላ።

መጀመሪያ ሳነበው ከፋኝ፣ አልዋሽም። ከልጅነቴ የምወደው ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስፈራው ጭራቅ በእኛ ስም በኩል አልፎ መጣ ማለት ምን ማለት ነው? ሲቆፈር ደግሞ የባሰ አለ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው እንግሊዛዊ መነኩሴ ኤልፍሪክ፣ ስለ ሐዋርያው በርተሎሜዎስ በጻፈው ስብከት ጣዖት ውስጥ የነበረውን ሰይጣን ከዓይኑ እሳት የሚረጭ ግዙፍ ሲልሃርዋ አድርጎ ይስለዋል። ቃሉ ያው ነው። ያን ስብከት የሚሰማ የገጠር ሰው ኢትዮጵያዊ ሲባል በአእምሮው ምን እንደሚስል መገመት አይከብድም። ይህ ያማል፣ ማመምም አለበት።

ጥናቱ ላይ ግን ስቆይ ሌላ ነገር አየሁ። ቶልኪን ያደረገው እነዚያን ሁለቱን መለየት ነው። የእሳቱ ጋኔን የሰሜን ሰዎች የራሳቸው ፍርሃት ነበር፣ ከራሳቸው ተረት የወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰው ላይ የተለጠፈው በኋላ ነው። ያን የራሳቸውን ፍርሃት ነው እንግዲህ ሄዶ ከራሳቸው ተራራ ሥር ያስገባው። እንዲህ ሳየው ቅር ያለኝ ነገር ቀለለኝ። ለልጁ አልነገርኩትም፣ ገና ነው። ሲያድግ ግን ራሴ ነኝ የምነግረው፤ ከሌላ ሰው ተቆራርጦ እንዲሰማው አልፈልግም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሞሪያን ከመግቢያው እንደ አዲስ ጀመርኩለት። አልቸኮልኩም። የጉድጓዱን ድንጋይ፣ የበሩን ቀለበት፣ ኦርኮቹ ዝም ማለታቸውን ነገርኩት። የእማማን ውሻም ጨመርኩበት። ሌጎላስ ጋ ስደርስ እጄን ዘርግቼ አንቀጠቀጥኩና የሌለውን ፍላጻ ለቀቅኩት። ልጁ ወለሉ ላይ አየ፣ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ «ጥላው የከበደ መጣ» አልኩት። ምን ይመስላል አላለኝም። ብርድ ልብሱ ዓይኑ ሥር ደርሷል።

ድልድዩ ላይ ደረስን። ጋንዳልፍ ብቻውን ቆመ። በበትሩ ድልድዩን መታ፣ በትሩ ተሰበረ፣ ድንጋዩም ከባልሮግ እግር ሥር ተናደ። ወደቀ። ልጁ ትንፋሹን ለቀቀ። ሲወድቅ ግን ጅራፉን ወነጨፈና የሽማግሌውን ጉልበት ጠመጠመው።

«ሞተ?»

የቀጠለውን አውቃለሁ። ከምድር ሆድ ውስጥ ካለው ውሃ ጀምሮ እስከ ተራራው በረዶ ጫፍ ድረስ ምን እንደሆነ፣ ከድልድዩ በኋላ ስንት ቀን እንደተዋጉ አውቃለሁ። መጽሐፉ ግን እዚህ ላይ አይናገርም። የቀሩት ስምንቱ እያለቀሱ ነው ከተራራው የሚወጡት።

«ሳምንት» አልኩት።

«አጎቴ! ንገረኛ!»

ግንባሩን ስሜ መብራቱን አጠፋሁ። በሩ ጋ ስደርስ «አትዝጋው» አለኝ፣ «የኮሪደሩንም አታጥፋው»። ሁለቱንም እንዳሉ ተውኩለት።